ከአልበሙ የጠፋው ተከራይ

የአቶ ወንዳፍራሽና የወይዘሮ አትክልት ሠላሳኛ የጋብቻ በዓል ሲቃረብ፣ ትልቋ ልጃቸው ትጊ የቤተሰቡን ፎቶ ሁሉ ሰብስባ በላፕቶፕ አንድ አልበም ልትሠራላቸው ተነሣች። ቀን ቀን ዓለም ገና ካለ መድኃኒት ቤት ትውላለች። ሰበታ፣ ቤቷ ስትመለስ ደግሞ ሳሎኑ ጥግ ተቀምጣ የድሮውን ፎቶ ስካን ታደርጋለች፣ አዲሱን ከየሰው ስልክ ትገለብጣለች፣ ከየገጹ ሥር አንድ ሁለት መስመር ትጽፋለች።

ሠርግና ምርቃት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ውሃ ጠፍቶ ከርሞ የመጣ ዕለት እናቷ ባልዲ አቅፈው የሳቁት፣ ታናሽ እህቷ ማርቲ የወለቀ ጥርሷን ጣሪያ ላይ ወረወርኩ ብላ የጎረቤት መስኮት የሰበረችበት ቀን፣ አባቷ ዲሽ አስተካክላለሁ ብለው መሰላል ላይ የወጡበት እሁድ፣ ሁሉም የየራሱ ገጽ አለው።

«የዲሽ ቀን ደግሞ እዚህ ምን ያደርጋል?» አሉ አቶ ወንዳፍራሽ አንድ ቀን፣ የሕንፃ መሣሪያ ሱቃቸውን ዘግተው ሲገቡ።

«ሠርግማ ማንም አለው አባዬ። ጣሪያ ላይ ሆኖ "አሁንስ መጣ? አሁንስ?" እያለ ግማሽ ቀን የጮኸ አባት ግን ያለኝ እኔ ነኝ።»

ነገር የመጣው አልበሙ በወፈረ ቁጥር አንድ ያልተጋበዘ ሰው ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምር ነው። ሉቃስ ይባላል። ከዱራሜ መጥቶ ሰበታ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት የተቀጠረ ልጅ ነው፤ ከግቢው ጀርባ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ከተከራየ አራት ዓመት ሆኖታል። ፎቶ አንሡኝ ብሎ አያውቅም። ግን የፋሲካው በግ ሲያስቸግር የፊት እግሮቹን ይዞ የሚታገለው እሱ ነው። አባቷ ጣሪያ ሲወጡ መሰላሉን የያዘው እሱ ነው። ማርቲ በዝናብ ስትመረቅ ጃንጥላ የያዘላት፣ ወይዘሮ አትክልት እግራቸው ተሰብሮ ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ክንዱን የሰጣቸው፣ እሱ ነው። ሁልጊዜ ከዳር፤ አንዳንዴ ግማሽ ፊቱ፣ አንዳንዴ ጆሮው ብቻ።

ፎቶዎችን በሰው በሰው የሚለየው አፕ ሉቃስን ለብቻው ሰበሰበና «ይህ ማን ነው? ስም ይስጡት» ብሎ ጠየቃት። ትጊ ግራ ቀኟን አይታ «ሉቄ» ብላ ጻፈች። ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም፤ እሷ ግን ፊቷ ቲማቲም መሰለ።

ነገሩ የጀመረው በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ነው። ሉቃስ አንድ ቀን ፕላስተር ሊገዛ መጣ። ሌላ ቀን ደግሞ ፕላስተር ሊገዛ መጣ። ደግሞ ሲመለስ፣

«ለመሆኑ የት ነው የቆሰልከው?» አለችው።

«ገና ነኝ» አላት።

ከዚያ ወዲህ ልብስ ማስጫው ጋ ይተያያሉ። በእርጥብ አንሶላ መሃል አንድ ሁለት ቃል ይወራወራሉ፤ እናቷ ብቅ ሲሉ ሉቃስ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ መብራት ቆጣሪ ማውራት ይጀምራል። ስለ አንድ ቆጣሪ ያን ያህል የተወራበት ግቢ በሰበታ ያለ አይመስለኝም።

አንድ ከሰዓት ወይዘሮ አትክልት መነጽራቸውን ሰክተው አልበሙን ለማየት ተቀመጡ። ጣታቸው ሲንሸራተት ቆይቶ «ሉቄ» የሚለው ላይ አረፈ። ነካ አደረጉት። ሉቃስ ከበግ ጋር። ሉቃስ ከጃንጥላ ጋር። ሉቃስ ከመሰላል ጋር።

«ትዕግሥት!»

ሙሉ ስሟ ሲጠራ መዓት እንደመጣ ታውቃለች። «አቤት እማዬ።»

«ይሄ ልጅ በገዛ ቤቴ ከእኔ የበለጠ ፎቶ አለው?»

«ሲረዳን እኮ ነው አብሮ የገባው…»

«መርዳቱን ይርዳ፣ እግዜር ይስጠው። አልበሙ ውስጥ ግን ምን አገባው? ዘመድ ይመጣል፣ የንስሐ አባታችን ይመጣሉ። ይሄ ማነው ቢሉኝ ተከራዬ ነው ልበል? ያውም…» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ «ያውም ጴንጤ! ያውም ሉቄ! ማነው ሉቄ ያለው?»

ትጊ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው።

«አጥፊው።»

«አላጠፋውም።»

ለእናቷ እንዲህ መልሳ አታውቅም። ሁለቱም ደነገጡ። ወይዘሮ አትክልት መነጽራቸውን አውልቀው የልጃቸውን ዓይን ትክ ብለው አዩ፤ ያዩትን አልወደዱትም፤ ተነሥተው ወጡ። ትጊ እዚያው እንደተቀመጠች ቀረች። ለአራት ዓመት በአንሶላ ስትጋርደው የኖረችው ነገር በአንዲት እይታ ተገለጠ፤ አፍራለሁ ብላ ነበር፣ ይልቅ ልቧ ቀለላት።

ወይዘሮ አትክልት በቀላሉ የሚሸነፉ ሴት አይደሉም። በማግስቱ ትጊ ሥራ ስትሄድ ጠብቀው ማርቲን ጠሩ። ማርቲ ከተመረቀች ወዲህ ሥራ ፍለጋ ላይ ናት፤ ጊዜ ሞልቷታል።

«ነካ ሲያደርጉት ሰው የሚጠፋበት ነገር አለ ይባላል» አሏት።

«ኢሬዘር ነው እማዬ። በጣም ቀላል ነው።»

«እንግዲያው ይሄን ልጅ አጥፊልኝ።»

«ሉቃስን? ምን አደረገ?»

«ምንም አላደረገም። ዝም ብለሽ አጥፊ።»

ማርቲ የእህቷን ላፕቶፕ ከፍታ ሉቃስን ከየፎቶው ለቀም ለቀም አደረገችው። እሱ የነበረበትን ቦታ አፑ ራሱ በሣርና በግድግዳ ይሞላዋል። ውጤቱን ደህና አድርጋ አላየችውም። ከዚያ እናቷ በስልካቸው እንዲያዩት፣ በተከፈተው የትጊ ቴሌግራም የበጉን ፎቶ ላከችና ከሥሩ «አሁን ጸድቷል» ብላ ጻፈች። ለቤተሰቡ ግሩፕ የላከች መስሏት ነበር። የላከችው ግን «ግቢያችን» ለሚለው ነው፤ የውሃ ተራና የመብራት ሒሳብ ለሚነገርበት፣ ተከራይ ሁሉ ላለበት ግሩፕ። ወዲያው ነቃችና ከሁሉም ሰው አጠፋችው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ሉቃስ ያን ሰዓት ፋብሪካው ካፌ ቁጭ ብሎ ዳቦ እየገመጠ ነበር። ፎቶውን ከፈተ። በጉ በኋላ እግሮቹ ብቻውን ቆሞ፣ የፊት እግሮቹን እንደ ሰባኪ ወደ ሰማይ ዘርግቷል። ሳቅ አመለጠውና ዳቦው ትን አለው። ከዚያ የላከውን ሰው ስም አየ፤ ትጊ። ቃሉን አነበበ፤ «አሁን ጸድቷል።» እንደገና ሊያነብ ሲል ፎቶውም ቃሉም የለም።

ሊጠይቃት ይችል ነበር። ልብስ ማስጫው ጋ ቆሞ «ምን ማለትሽ ነው?» ቢላት ነገሩ በአንድ ቀን ባለቀ። ግን «የባለቤት ልጅ ናት፤ ዘመድ ፊት ምን ብላ ታሳየኝ?» ብሎ ለእሷ ፈረደላት፣ በራሱ ላይ ፈረደ። ሱሉልታ ያለ አንድ የውሃ ፋብሪካ ና ካለው ሰንብቶ ነበር፤ እሺ አለ። ጎረቤታቸው ኦቦ ቢቂላ እዚያ ካለች የእህታቸው ልጅ ዘንድ ቤት አፈላለጉለት። ትጊ ሥራ በዋለችበት ቀን ቁልፉን ለአቶ ወንዳፍራሽ አስረክቦ፣ ፍራሹን ሚኒባስ ላይ ጭኖ ሄደ። መንገድ ላይ ጻፈላት፤

«ስላጸዳሽኝ አመሰግናለሁ። ሱሉልታ ሥራ አግኝቼ እየሄድኩ ነው። ደህና ሁኚ።»

ትጊ ይህን ያነበበችው አንድ ሳል የጠናባቸው ሰውዬ የሳል ሽሮፕ እየጠበቋት ነው። ምኑን ነው ያጸዳሁት? አሰበች፣ አሰበች። በመጨረሻ ሽቦ መዳፉን ቆርጦት፣ ያኔ የእውነት ቆስሎ መጥቶ፣ በአልኮል ያጸዳችለት ትዝ አላት። ለእሱ ነው? በአንሶላ መሃል የተባለው ሁሉ ቀርቶ፣ እንደሚሄድ እንኳ ቀድሞ ሳይነግራት፣ ለቁስል ምስጋና? እንባዋ መጣ። ኩራት ደግሞ እሷም ጋ አለ።

«ምንም አይደል፣ ሥራዬ ነው» ብላ መለሰች።

ሉቃስ መልሷን ያነበበው ሚኒባሱ የእንጦጦን ዳገት ሲይዝ ነው። ስልኩን ኪሱ ከቶ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ፣ «አይዞህ ልጄ፣ ይሄ ዳገት ብዙ ሰው ያጥወለውላል» ብለው ሎሚ ሰጡት። እስከ ሱሉልታ ሎሚውን እያሸተተ ሄደ፤ ያመመው ዳገቱ ብቻ ቢሆን እየተመኘ።

በዓሉ እሁድ ከሰዓት በግቢው ድንኳን ተጥሎለት ተከበረ። ትጊ የሐበሻ ቀሚስ የለበሰችው እናቷ ስላስገደዷት ነው። ሉቃስ ከሄደ ወዲህ አልበሙን ከፍታ አላየችውም፤ ማርቲ «እኔ አስጀምረዋለሁ» ስትላት ደስ አላት። ማርቲም ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካች። ፍላሹ ላይ ያለው እናቷ ያስጸዱት አልበም ነው።

መጀመሪያ የሠርጉ ፎቶ መጣ፤ እልልታ ሆነ። ባልዲው መጣ፤ ተሳቀ። ከዚያ የዲሽ ቀን መጣ።

 ኢሬዘሩ ከሉቃስ ጋር መሰላሉንም ጠራርጎ ወስዶታል። አቶ ወንዳፍራሽ እጆቻቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው፣ ከመሬት ሁለት ሜትር ከፍ ብለው፣ አየር ላይ ቆመዋል።

«ማሊ ኩን?» አሉ ኦቦ ቢቂላ፣ ጉርሻቸውን በአየር ላይ እንደያዙ። «ይሄ ምንድን ነው? ወንዳፍራሽ፣ ሳንቀብርህ ዐረግህ እንዴ?»

ድንኳኑ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። የንስሐ አባትየው እንኳ በጋቢያቸው አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አቶ ወንዳፍራሽ ብቻ አልሳቁም። ተነሥተው ቴሌቪዥኑ ድረስ ሄዱና በጣታቸው መሬቱን ነኩት።

«መሰላሌስ?» አሉ። «መሰላሌን ማን ወሰደው?»

ቀጥሎ ማርቲ የምርቃት ጋውን ለብሳ መጣች፤ ከራሷ በላይ ጃንጥላ ያለ ማንም እጅ ተንሳፍፏል። ማርቲ ሪሞቱን ፍለጋ ወንበር ሥር ገባች። ትጊ ግን ከመቀመጫዋ ተነሣች። ይህ የእሷ አልበም አይደለም። የእሷ አልበም ላይ በዚያ ጃንጥላ ሥር በዝናብ የራሰ፣ የሚስቅ ግማሽ ፊት ነበር።

ከዚያ ወይዘሮ አትክልት መጡ። እግራቸው በጀሶ ታስሮ፣ የግቢው በር ላይ። ወገባቸው ወደ ቀኝ ዘምሟል፣ እጃቸው አንድ ነገር ጭብጥ አድርጓል፣ ፊታቸው ላይ ሕመምና እፎይታ ተቀላቅሏል። የጨበጡት ነገር ግን የለም። አየር ተደግፈው ቆመዋል።

ሳቅ የጀመሩ ሰዎች ነበሩ፤ መሃል ላይ ተዉት።

«አትክልት» አሉ አቶ ወንዳፍራሽ ቀስ ብለው። «እኔ የዚያን ቀን ዕቃ ላመጣ ሻሸመኔ ነበርኩ። ማን ነው የደገፈሽ?»

ወይዘሮ አትክልት ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አልነቀሉም። ዘምማ የማትወድቀዋን ሴት ያያሉ። ያን ቀን መኪናው በር ላይ «ወደቅሁ!» ብለው ሲጮኹ «አይወድቁም እትዬ፣ ይዤዎታለሁ» ያላቸው ድምፅ ጆሯቸው ላይ መጣ። ከመኪናው እስከ አልጋቸው ድረስ ያ ክንድ አልለቀቃቸውም ነበር። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት።

«ሉቃስ ነው» አሉ። «እኔ ነኝ ያስጠፋሁት።»

«ያጠፋሁት ደግሞ እኔ ነኝ!» ማርቲ ከወንበር ሥር ወጣች፤ ሪሞቱን ይዛለች፣ ታለቅሳለች። «ትጊ ይቅርታ! በአንቺ ስም ግሩፑ ላይ ለቅቄው ነበር። በስህተት ነው፤ ወዲያው አጠፋሁት። ማንም ያላየው መስሎኝ…»

«ምን ብለሽ ለቀቅሽው?»

«አሁን ጸድቷል።»

ትጊ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ስላጸዳሽኝ አመሰግናለሁ። ለካ እንዲያ ነው! እሷስ ምን አለችው?

«ሥራዬ ነው አልኩት!» ብላ ጮኸች። «ወይኔ ጉዴ! ሥራዬ ነው አልኩት!»

እንግዶቹ ምን ሥራ እንደሆነ ሳይገባቸው ከንፈር መጠጡላት። እሷ ግን ወደ ግቢው በር እየሮጠች ነበር፤ ባለ ተረከዝ ጫማዋ በየድንጋዩ ይጠማዘዛል።

«የት ነው?» አሉ እናቷ።

«ሱሉልታ!»

«በዚያ ጫማ?»

አቶ ወንዳፍራሽ የፒክአፓቸውን ቁልፍ አነሡ። ኦቦ ቢቂላ «ቤቱን የማውቀው እኔ ነኝ» ብለው ሰሃናቸውን እንደያዙ ከኋላ ተሳፈሩ። ወይዘሮ አትክልት ለእንግዶቹ «ብሉ፣ ጠጡ፣ አሁን እንመለሳለን!» ብለው ገቢና ገቡና ልጃቸውን በዳሌያቸው ገፋ አደረጓት። «ጠጋ በይ። ያባረርኩት እኔ ነኝ።»

አየር ጤና ሲደርሱ፣ «ሃይማኖቱን ግን አልተቀበልኩም» አሉ። አዲሱ ገበያ ሲደርሱ፣ «ጠባዩስ መቼም…» ብለው ተዉት። ዳገቱን ሲወጡ መሐረብ ፈለጉ። ትጊ መስኮቱ ላይ ተደግፋ አንዲት ዓረፍተ ነገር ስትደረድር፣ ስታፈርስ፣ ስትደረድር መጣች፤ ሱሉልታ ሲደርሱ አንድ ቃል እንኳ ጭንቅላቷ ውስጥ አልቀረላትም።

ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። የአከራይዋን በር ሲያንኳኩ ገለቴ፣ የኦቦ ቢቂላ የእህት ልጅ፣ ጋቢዋን ተከናንባ ብቅ አለች። አጎቷን ሳመች፣ የተቀሩትን ከእግር እስከ ራስ አየች።

«ሉቃስን ፈልገን ነው» አሉ ወይዘሮ አትክልት። «ተከራያችን ነው።»

«ተከራያችሁ? የኔ ተከራይ ነው እንጂ!»

«እኛ ጋ አራት ዓመት ኖሯል!»

«እኔ ጋ በመጣ በሳምንቱ የጠፋ አምፖል ሁሉ በርቷል፣ የግቢው በር መጮህ ትቷል። እንዲህ ያለ ልጅ አልሰጥም! ለመሆኑ እንዲህ ከወደዳችሁት ለምን ለቀቃችሁት?»

ወይዘሮ አትክልት ወደ መሬት አቀረቀሩ። 

«ገለቴ፣ ማሎ፣ ብርድ ገደለን» ብለው ኦቦ ቢቂላ ለመኑ።

ጫጫታውን ሰምቶ ሉቃስ ከጓሮ ወጣ። ሸሚዝ እያጠበ ነበር፤ እጁ እስከ ክንዱ አረፋ ነው። ትጊን አያት፤ በነጭ ቀሚሷ ላይ የሲሚንቶ ብናኝ፣ አንዱ ጫማዋ በእጇ። ባለበት ቀረ።

«እኔ አይደለሁም ያጸዳሁህ!» አለች ከሰላምታ በፊት።

«ስምሽ ነበረ።»

«ስሙ የእኔ ነው፣ እጁ የማርቲ!»

«"ሥራዬ ነው" ያልሽውስ?»

«መዳፍህን በአልኮል ስላጸዳሁልህ ያመሰገንከኝ መስሎኝ ነዋ!»

ሉቃስ መዳፉን ገልጦ አየው። «ለአልኮል ብዬ ነው ከሰበታ ሱሉልታ የተሰደድኩት?»

«እኔ በምን ልወቅ?» የያዘችውን ጫማ አወዛወዘችበት። «አራት ዓመት ስለ ቆጣሪ ነው ያወራኸኝ! ንባቡን ከእነ ቁጥሩ በቃሌ አውቀዋለሁ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ እወድሻለሁ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

«ልል ስል እናትሽ ይመጣሉ!»

ሁሉም ወደ ወይዘሮ አትክልት ዞሩ። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ዛሬም መጥቻለሁ» አሉ። «በል እንግዲህ፣ ያላልከውን በላ።»

ሉቃስ አንድ እርምጃ ወደ ትጊ ተጠጋ።  አረፋው ከክርኑ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«እወድሻለሁ ትጊ» አለ። «ፕላስተሩን ሁሉ አንድም ቀን አልተጠቀምኩበትም። እወድሻለሁ።»

ገለቴ «እሰይ!» ብላ ከሁሉም ቀድማ አለቀሰች። አቶ ወንዳፍራሽ ሰማዩን ማየት ጀመሩ።

ወይዘሮ አትክልት ሁለት እርምጃ ወደ ልጁ ሄዱ። «እኔም አልጨረስኩም» አሉት። «ያን ቀን በአንተ ክንድ ነው ቤቴ የገባሁት። ዛሬ ዘመድ አዝማድ ፊት ራሴን አየሁት፤ ምንም ሳልደገፍ ዘምሜ ስቆም። አፈርኩ ልጄ። ይቅር በለኝ።»

«እትዬ፣ እኔ ምንም…»

«ቆይ። ስለ ሃይማኖቱ ነገር ገና ብዙ እንጣላለን።»

«እሺ እትዬ።»

«ለመጣላት ደግሞ መምጣት ይኖርብሃል።»

«እሁድ እሁድ እመጣለሁ፤ ከሰዓት። ጠዋትማ ሁላችንም ቤተ ክርስቲያን ነን።»

«በየራሳችን» አሉ ጣታቸውን ቀስረው።

«በየራሳችን» አላቸው።

ገለቴ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። አቶ ወንዳፍራሽ ገቡ፤ ኦቦ ቢቂላ ባዶ ሰሃናቸውን ይዘው ተከተሉ። ትጊና ሉቃስ ደጃፉ ላይ ቀሩ።  ትጊ እጇን ሰዳ እጁን ያዘች፤ አረፋው በጣቶቿ መሃል ሾለከ፣ በጣም ይቀዘቅዛል። እሱ ጣቶቹን ጠበቅ አደረገ።

ወይዘሮ አትክልት በሩ ላይ ዘወር አሉ። ትጊ እጇ በልማድ ሊያፈገፍግ ሲል ተሰማት፤ አልነጠቀችውም። እናቷ የተያያዙትን እጆች አዩ። አንድ ነገር ሊናገሩ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ተዉትና ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ቀስ እያሉ ወደ ውስጥ ገቡ። ትጊ ማልቀስ የጀመረችው ያኔ ነው፤ ጉንጯ በነፋሱ እየቀዘቀዘ፣ ደረቷ እየሞቀ፣ ሳቋና ልቅሶዋ ተለይቶ እስኪጠፋት ድረስ።